ኮሮላዬ ጠዋት ጠዋት እሪ ትላለች፣ ቺንጋ ሁለቴ ቀይሬም አልተወችም

ጦሳ ግርጌ፦

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ኮሮላ ናት፣ በፈረንጅ 1997 ሞዴል፣ ቤንዚን፣ ማኑዋል። የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሳስነሳት ከኮፈኑ ስር እሪ ትላለች። እሪ ስላችሁ ትንሽ ሲጥ ማለት አይደለም፣ ሰፈር ይቀሰቅሳል። አንድ ሁለት ደቂቃ ትጮህና ሞተሩ ሞቅ ሲል ዝም ትላለች። ዝናብ ሲጥል ወይም ጉም ሲያድር ይብስባታል። ማታ ደግሞ ፋናውንና የመስታወት ማድረቂያውን አንድ ላይ ሳበራ፣ ቀን ሙሉ ጠፍቶ የዋለው ድምፅ መልሶ ይመጣል።

ከሁለት ወር በፊት አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ኮፈኑን እንኳ በደንብ ሳይከፍት «ቺንጋ ነው» አለኝ። ቀየርን፣ ሦስት ቀን ዝም አለች፣ በአራተኛው ቀን ያው። ተመልሼ ስሄድ «የገዛኸው ኮፒ ነው፣ ኦሪጂናል ግዛ» አለኝ። ኦሪጂናል የተባለውን ገዝቼ አስገባሁ፣ እሱም ሳምንት አልሞላውም። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ወሬው ተቀየረና «ታይሚንጉ ነው፣ ሞተሩ መፈታት አለበት» ተባልኩ። የጠሩልኝን ዋጋ ስሰማ መኪናዋን አስነስቼ እየጮኸች ወደ ቤቴ መጣሁ።

አስተማሪ ነኝ፣ ሞተር ለመፍታት የሚሆን ገንዘብ የለኝም። ካቻቢቴና ቁልፍ ግን አለኝ፣ እጄም ሰነፍ አይደለም። ራሴ ላየው የምችለው ነገር ካለ ንገሩኝ። እውነት ታይሚንግ እንዲህ ይጮሃል?

አቦል ቡና፦

ወንድሜ ለምን ትጨነቃለህ። ደረቅ ሳሙና ግዛ፣ ሞተሩ እየዞረ ቺንጋው ላይ አስነካው፣ ያበቃል። እኔ ስድስት ወር እንዲሁ ነድቻለሁ።

የመርሳዋ፦

ኧረ በአላህ ሳሙና አታስነኩት! እኔ እንደዚህ የሚል ሰው ሰምቼ ነው የተቸገርኩት። ሳሙናው ሁለት ቀን ያዘልኝ፣ ከዚያ ቺንጋው ላይ አቧራ እየሰበሰበ እንደ ጭቃ ደረቀና ሽንሽኑ ውስጥ ተጋገረ። የኛን መንገድ አቧራ ታውቁታላችሁ፣ በጋ ላይ ከከተማ ወጣ ካላችሁ ኮፈኑ ስር ዱቄት ቤት ነው የሚመስለው።

የኔ ቪትዝ ናት። የኔም ስትጮህ መጀመሪያ ቺንጋ ቀየሩ፣ ከዚያ ዲናሞው ነው ብለው ዲናሞ አስገዙኝ፣ ያገለገለ፣ ከገንዘቡ ይልቅ የምልልሱ ነገር ነው ያቃጠለኝ። መጨረሻ ላይ የውሃ ፓምፑ ኩሽኔታ፣ ዘንጉ የሚዞርበት ባለ ኳስ ቀለበት፣ ሆኖ ተገኘ። እንዴት ተገኘ ብትሉኝ፣ ወልድያ የሚሠራ አንድ የአክስቴ ልጅ ቺንጋውን አወለቀና ፑሌጃዎቹን፣ ቺንጋው የሚጠመጠምባቸውን ክብ ብረቶች፣ አንድ በአንድ በእጁ አዞራቸው። የዲናሞው ሙልጭ ብሎ ዞረ። የውሃ ፓምፑን ሲያዞረው ግን አሸዋ እንደገባበት ወፍጮ ግርርር አለ፣ ጫፉን ይዞ ሲነቀንቀውም ይወዛወዛል። ይህን ለማየት የፈጀው ሃያ ደቂቃ ነው። ቺንጋ፣ ከዚያ ዲናሞ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ቺንጋ ከማስገዛታቸው በፊት አንድ ሰው ይህን ሃያ ደቂቃ ቢሰጠኝ ኖሮ!

እና ጦሳ ግርጌ፣ ያንተ ድምፅ ምን ዓይነት ነው? የኔ ሲሞቅም አይጠፋም ነበር፣ እንዲያውም ይብስ ነበር። ያንተ ሲሞቅ ከጠፋ ከኔ የተለየ ይመስለኛል። እዚህ ቤት ጋሼ ኩሽኔታ አሉ አይደል፣ እሳቸው ይምጡ።

ጋሼ ኩሽኔታ፦

መጣሁ እታለም።

አብሽር አንተ ልጅ፣ ሞተር አይፈታም። ኮምቦልቻ ላይ በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ዓይኔ ደከመ እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው፣ የጻፍከውን ሳነብ ራሱ ድምፁ ተሰማኝ።

መጀመሪያ የታይሚንጉን ወሬ እንዝጋው። የታይሚንግ ቺንጋ ከሞተሩ ሽፋን ስር ያለው የውስጥ ቺንጋ ነው፣ ጥርስ አለው። ጥርሱ ከማርሹ ጥርስ ጋር ተናክሶ ስለሚዞር አይንሸራተትም፣ ካልተንሸራተተ ደግሞ እሪ የሚልበት ምክንያት የለውም። የመወጠሪያው ኩሽኔታ ሲያረጅ ሊያጉረመርም ይችላል። እሱ ግን ፋና ስላበራህ አይብስም፣ ሁለት ደቂቃ ጮኾም አይተውም። ያንተ ሞተር ባለ ታይሚንግ ቺንጋ ስለሆነ 100,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲሞላ መቀየር አለበት፣ መቼ እንደተቀየረ ካላወቅህ ደግሞ ገንዘብ ስታገኝ ቀይረው። የዛሬው ጩኸት ግን ከሱ አይደለም።

የሚጮኸው የውጪው ቺንጋ ነው። ከሞተሩ ታች ያለው ትልቁ ፑሌጃ ቺንጋውን ይጎትታል፣ ቺንጋው ደግሞ ዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን ያዞራል። ጠዋት ሞተሪኖው፣ ሞተሩን የሚያስነሳው፣ ከባትሪው ብዙ ኃይል ይመዛል። ሞተሩ እንደተነሳ ዲናሞው የተወሰደውን ለመመለስ ይሯሯጣል፣ ዲናሞ ደግሞ ብዙ ባመነጨ ቁጥር ለመዞር ይከብዳል። ወፍጮ ቤት ገብተህ ታውቃለህ? ወፍጮው ባዶውን ሲዞር ቺንጋው ድምፅ የለውም። እህሉ ሲወርድበት ነው የላላው ቺንጋ የሚጮኸው። ያንተም መኪና እንዲሁ ናት። ሁለት ደቂቃ ጮኻ የምትተወው ባትሪው ትንሽ ሲጠግብ ዲናሞው ስለሚቀለው ነው። ማታ ፋናውንና ማድረቂያውን ስታበራ እህል ጨመርክበት ማለት ነው።

እንግዲህ ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ለምን እንደሚንሸራተት ሳታውቅ አሥር ብትቀይር አሥሩንም ያቃጥልሃል። አዲስ ቺንጋ ለሦስት ቀን ዝም የሚለው ጎማው ገና ሻካራ ስለሆነ ነው። ሲንሸራተት ሲንሸራተት ፊቱ ተቃጥሎ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፣ ከዚያ ወዲያ ብትወጥረውም አይይዝ። ያንተን ሁለት ቺንጋ የበላው ይህ ነው እላለሁ።

አሁን ይህን አድርግ። ነገ ጠዋት፣ መኪናዋ እንደቀዘቀዘች፣ ሞተሩን ከማስነሳትህ በፊት ቺንጋውን ረጅሙ ቦታ ላይ በአውራ ጣትህ በደንብ ጫነው። አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ቢገባ ደህና ነው። ሁለት ሳንቲ ከሄደ ላልቷል። ወይም ያንኑ ቦታ በሁለት ጣት ይዘህ ጠምዝዘው፣ ሩብ ዙር ያህል ሄዶ እንቢ ካለ ጥሩ ነው፣ ግማሽ ዙር ከሄደ የላላ ነው። ቀጥሎ ሽንሽኑን በጣትህ ዳብሰው፣ ዘይት ወይም የራዲያተር ውሃ ነክቶት እንደሆነ ታውቃለህ። ዘይት የጠጣ ቺንጋ አይታጠብም፣ ይጣላል፣ ግን ከመጣሉ በፊት ዘይቱ ከየት እንደመጣ ይታይ። የክራንኩ ፓራኦሊ፣ ማለትም በሞተሩ ዋና ዘንግ ላይ ዘይት የሚያግደው ቀለበት፣ ሊሆን ይችላል፣ የመሪው ዘይት ቱቦም ሊሆን ይችላል።

ከዚያ የውሃውን ፈተና አድርግ። ሞተሩ እየጮኸ ሳለ በልብስ መተኮሻ የውሃ መርጫ ቺንጋው ሽንሽን ላይ ትንሽ ውሃ እርጭ፣ ዲናሞውን አታጥበው። ድምፁ ወዲያው ጠፍቶ ከትንሽ ጊዜ በኋላ ከተመለሰ ፑሌጃዎቹ አንድ መስመር ላይ አይደሉም፣ አንዱ ገባ ወይም ወጣ ብሏል ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ እሪ አይልም፣ እንደ ጫጩት ጭው ጭው ይላል፣ ከዙሩ ጋር እየተቆራረጠ። ውሃ ሲነካው የባሰ ከጮኸ ግን ላልቷል። ዝናብና ጉም ሲሆን ይብሳል ስላልከኝ ውጤቱን ገምቻለሁ፣ አንተ ግን አይተህ ንገረኝ።

ሁለት ቺንጋም ሊኖርህ ይችላል፣ አንዱ ለዲናሞ አንዱ ለመሪው ፓምፕ። መኪናዋ ቆማ መሪውን እስከ ጥጉ አዙረው። ያኔ ከጮኸች የመሪው ቺንጋ ነው። ፋና ስታበራ ከጮኸች የዲናሞው ነው። ኤሲውን አልጠይቅህም፣ ደሴ ላይ ኤሲ ማን ያበራል።

አንድ ነገር አደራ። ደሴ ጠዋት ብርድ ነው፣ ጋቢ ተከናንበህ ወይም ፎጣ አንገትህ ላይ ጥለህ የሚዞር ሞተር ላይ እንዳታጎነብስ። ቺንጋው የጋቢውን ጫፍ ከያዘ አንተንም ይዞ ነው የሚሄደው። አይቻለሁ፣ ለዚህ ነው የምልህ።

የሐረጎ ሾፌር፦

ጋሼ የተናገሩት ላይ ልጨምር፣ ይቅርታ ይደረግልኝ ትንሽ ረዘም ይላል። ሰው ይህን ድምፅ የሚያየው እንደ ሐፍረት ነው፣ «ሰፈሩን ረበሽኩ» ይላል። እኔ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ከደረሰብኝ ወዲህ እንደዚያ አላየውም።

የምነዳው ሃይስ ናት፣ ዲዝል፣ 5ኤል ሞተር። ከደሴ ኮምቦልቻ እመላለሳለሁ። መንገዱን የማታውቁ ካላችሁ፣ ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,800 ሜትር አካባቢ። ይህን ሁሉ ቁልቁለት ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው የምትወርዱት፣ ሐረጎ ላይ ደግሞ ጥምዝ በጥምዝ ነው። ክረምት ጉሙ ሲወርድ የፊተኛው መኪና መብራት ካልሆነ ምንም አይታይም።

የኔ መኪና ላይ ሁለት ቪ ቺንጋ ጎን ለጎን ነው የገባው። አንዱ ለሳምንታት ይጮህ ነበር። እኔም እንደ አቦል ቡና ሳሙና ባልቀባውም፣ «ሲሞቅ ይተዋል» እያልኩ ነዳሁ። አንድ ቀን ሰው ጭኜ ቁልቁል ስወርድ ኮፈኑ ስር ዷ አለ። የባትሪው ቀይ መብራት በራ። ምንም አይደለም፣ ኮምቦልቻ እደርሳለሁ ብዬ አሰብኩ። ፍሬን ስረግጥ የመጀመሪያው ያዘ፣ ሁለተኛው ከበደ፣ ሦስተኛው ላይ ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ።

ያኔ አላወቅሁም ነበር። የዚህ ዲዝል ሞተር የፍሬን ቫኪዩም፣ ፔዳሉን የሚያቀልልህ የአየር ስበት፣ የሚመጣው ዲናሞው ጀርባ ላይ ካለች ትንሽ ፓምፕ ነው። ቤንዚን ሞተር ቫኪዩሙን ከራሱ አየር መሳቢያ ያገኛል፣ ዲዝሉ ግን ይህችን ፓምፕ ይፈልጋል። ቺንጋው ሲበጠስ ዲናሞው ቆመ፣ ፓምፗም ቆመች። ፍሬኑ ጨርሶ አይጠፋም፣ ግን ያ የሚያግዝህ ኃይል ስለሌለ በሁለት እግርህ ቆመህበት ነው የሚይዘው። በሁለተኛ ማርሽ ነበርኩ፣ እሱ አዳነኝ። ወደ አንደኛ አወረድኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ ሳብኩ፣ ወደ ተራራው በኩል ጠጋ ብዬ ቆምኩ። ተሳፋሪው አንድ ቃል አልተናገረም። አንዲት እናት ብቻ «ያረቢ» ሲሉ ሰማሁ።

ቺንጋዎቹን ሳይ አንዱ ቀድሞ አልቆ ተበጥሶ ሌላውን ጠምዝዞ ጥሎታል። ከዚያ ወዲህ ሁለቱንም አንድ ላይ እንጂ አንዱን ብቻ አልቀይርም፣ አሮጌው ስለሚለጠጥ ሸክሙ ሁሉ በአዲሱ ላይ ይወድቃል። ያንተ ቤንዚን ስለሆነች ፍሬኗ አይነካም፣ ግን የውሃ ፓምፑ አብሮ ይቆማል፣ ሞተሩ ይፈላል። የሙቀቱ መርፌ ሲወጣ እያየህ ጥቂት ብቻ ብዬ አትንዳ፣ ቴስታው፣ የሞተሩ የላይ ክዳን፣ ይጣመማል።

ጦሳ ግርጌ፦

ጋሼ አላህ ያክብርልኝ። የሐረጎ ሾፌር፣ ያንተን ታሪክ ለባለቤቴ ሳነብላት «አንተም ከእንግዲህ እንዳትነዳት» ብላ ቁልፉን ልትደብቅብኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት የተባልኩትን ሁሉ አደረግሁ፣ ጋቢዬን አውልቄ፣ ብርዱን ችዬ። አውራ ጣቴን ስጭን ቺንጋው ሁለት ሳንቲ ያህል ገባ። ጠመዘዝኩት፣ ግማሽ ዙር ሊሄድ ምንም አልቀረው። ዘይት የለውም፣ ደረቅ ነው፣ ሽንሽኑ ግን እርሶ እንዳሉት ያብለጨልጫል፣ የሁለት ሳምንት ቺንጋ አይመስልም። መሪውን ጥግ አዙሬ ነበር፣ ምንም አላለችም። ፋና ሳበራ እሪ። የባለቤቴን የመተኮሻ መርጫ ሰርቄ ውሃ ረጨሁ፣ ሰፈሩ ሁሉ ተነሳ፣ ሁለት እጥፍ ነው የጮኸችው!

ስለዚህ ልወጥረው ብዬ ዲናሞው ጎን ያለውን የማጥበቂያ ብሎን ሳየው፣ ብሎኑ በተሠራለት ክፍት ውስጥ እስከ ጥጉ ሄዷል። ከዚያ በላይ ዲናሞው ወደ ውጪ አይወጣም። ማለትም ልጁ የቻለውን ያህል ወጥሮታል ማለት ነው። አሁን ምን ላድርግ? ክፍቱን በመጋዝ ላስረዝመው?

ጋሼ ኩሽኔታ፦

መጋዙን አስቀምጠው!

ጥሩ ነገር ነው ያየኸው። ዲናሞው እስከ ጥጉ ወጥቶ ቺንጋው ካልተወጠረ ቺንጋው ረዝሟል። ሌላ ነገር አትፈልግ። ቺንጋው ጀርባ ላይ ጽሑፍ አለ፣ እሱን አንብብልኝ። 4 ፒኬ ብሎ ከዚያ ሦስት ወይም አራት አኃዝ ይኖረዋል። 4 ማለት አራት ሽንሽን ነው፣ ፒኬ የሽንሽኑ ዓይነት ነው፣ የመጨረሻው ቁጥር በሚሊ ሜትር ርዝመቱ ነው። መኪናዋን ስትገዛ የነበረው ቺንጋ አለህ? ካልጣልከው ሁለቱን አስተያይ።

ባትሪውንም ለካው። መኪናዋ አድራ ጠዋት ከመነሳቷ በፊት 12.6 ቮልት አካባቢ ቢሆን ሙሉ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ቢያሳይ ዲናሞው ደህና ነው። ሜትር ከሌለህ ኤሌክትሪሻን ጋ ጎራ በል፣ ደቂቃ አይፈጅም።

ጦሳ ግርጌ፦

አሮጌው ቺንጋ የኋላው ኮፈን ውስጥ፣ ከቅያሪው ጎማ ስር ተጠቅልሎ ነበር። እግዜር ይስጠው የቀድሞ ባለቤቷን፣ ምንም ነገር አይጥልም ነበር። ጽሑፉ ሊጠፋ ደርሷል፣ በእጅ ባትሪ ጎን ጎኑን ሳበራበት 4 ፒኬ 850 ይላል። አሁን ያለው 4 ፒኬ 875! የመጀመሪያው ኮፒ የተባለውስ ስንት እንደነበረ ማን ያውቃል፣ ልጁ ጋ ቀርቷል።

እንግዲህ ሱቁ ውስጥ የሆነው ትዝ አለኝ። «850 አልቋል፣ ይኼም ያው ነው፣ ትንሽ ማጥበቅ ብቻ ነው» ብሎኝ ነበር ሻጩ። እኔም ኦሪጂናል የሚለውን ቃል ብቻ ነበር የሰማሁት። ኦሪጂናልነቱ ለምን ይጠቅማል፣ የሌላ መኪና ኦሪጂናል ነው።

ባትሪው አድሮ 12.1 ነው። ሲነሳ እየጮኸች ሳለ 13.1፣ ዝም ካለች በኋላ 14.2።

ጋሼ ኩሽኔታ፦

በቃ ተገኘ። 12.1 ማለት ባትሪው ግማሽ አካባቢ ነው። ቺንጋው ስለሚንሸራተት ዲናሞው በደንብ አይዞርም፣ ዲናሞው ካልዞረ ባትሪው አይሞላም፣ ባትሪው ባዶ ሆኖ ሲያድር ጠዋት ዲናሞው ላይ ሸክሙ ይበዛል፣ ሸክሙ ሲበዛ ቺንጋው የባሰ ይንሸራተታል። አንዱ ሌላውን እያባሰ ነው የከረመው። ሲዞር 14.2 ስለሚሰጥ ዲናሞህ ጤነኛ ነው፣ ማንም ዲናሞ እንዳያስገዛህ። ባትሪው አርጅቶ እንደሆነ የሚታወቀው ቺንጋው ከተስተካከለ በኋላ ነው፣ ሁለት ሳምንት ነድተህ እንደገና ለካው።

850ውን ፈልግ። ሰኞ ገበያ በኩል ካጣህ ኮምቦልቻ ይኖራል። አሮጌውን ይዘህ ሂድ፣ ቁጥሩን ራስህ አንብብ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግተህ ለካ። 5 ሚሊ ሜትር ወዲያ ወዲህ ቢል ዲናሞው ይሸፍነዋል። 25 ግን አይሆንም።

ስትገጥመው መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍታ። የዲናሞው ጀርባ ላይ ያለው ወፍራም ገመድ ሁልጊዜ ከባትሪ ጋር የተያያዘ ነው፣ ቁልፍህ እሱንና ቦዲውን አንድ ላይ ከነካ ብልጭታው ያስደነግጥሃል። የዲናሞውን የታች ብሎን ላላ አድርግ፣ የጎኑን ማጥበቂያ ፍታ፣ አሮጌውን አውጣ። ቺንጋው ወጥቶ ሳለ የመርሳዋ ያለችውን አድርግ፣ ዲናሞውንም የውሃ ፓምፑንም በእጅህ አዙር፣ ነቅንቅ። የውሃ ፓምፑ ስር ትንሽ ቀዳዳ አለች፣ ከሷ የውሃ ዱካ ካየህ ፓምፑ ሊሄድ ነው። የፑሌጃዎቹን ጎድጓዳ በደረቅ ጨርቅና በጥርስ ብሩሽ ጥረገው፣ የተቃጠለ ጎማ ዱቄት አይጠፋውም።

አዲሱ ገብቶ ስትወጥር ደግሞ እንደ ክራር አታድርገው። ሰው ከምትጮህብኝ ብሎ በሌቫ ብረት ወጥሮ ወጥሮ ያንቀዋል፣ ቺንጋው ዝም ይላል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ የዲናሞው ወይም የውሃ ፓምፑ ኩሽኔታ ያልቃል። በአውራ ጣት አንድ ሳንቲ፣ ከዚያ አትለፍ። ሩብ ሰዓት ሞተሩን አሠርተህ አጥፋው፣ ሲበርድ እንደገና ጫን ብለህ እይ፣ አዲስ ቺንጋ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይለጠጣል። 500 ኪሎ ሜትር ስትነዳ አንድ ጊዜ ደግመህ እይና ተወው።

አቦል ቡና፦

ጋሼ አንድ ጥያቄ፣ የኔ ቺንጋ ምንም ስንጥቅ የለውም፣ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ስንጥቅ ከሌለ ደህና ነው አይደል? ሳሙናውን ትቻለሁ፣ አትቆጡኝ።

ጋሼ ኩሽኔታ፦

የድሮዎቹ ቺንጋዎች ሲያረጁ ይሰነጠቁ ነበር፣ ስንጥቅ ቆጥረን ነበር የምንጥላቸው። አሁን የሚመጡት ብዙዎቹ ኢፒዲኤም ከሚባል ጎማ የተሠሩ ናቸው፣ እነሱ ቶሎ አይሰነጠቁም፣ እንደ መኪና ጎማ ነው የሚያልቁት። ሽንሽኑ ይሳሳል፣ ጎድጓዳው እየሰፋና እየጠለቀ ይሄዳል፣ ቺንጋው ፑሌጃው ውስጥ ይሰምጣል። አዲስ ቺንጋ አጠገቡ አድርገህ ጎድጓዳውን አወዳድር። የሐረጎ ሾፌር ያለው ዓይነት ቪ ቺንጋ ከሆነ ደግሞ የሚይዘው በጎንና ጎኑ ነው። ሆዱ የፑሌጃውን ወለል ከነካ አልቋል፣ ወለሉ ተወልውሎ ሲያብለጨልጭ ታየዋለህ።

ስድስት ዓመት፣ ያውም ሳሙና ነክቶት? እኔ ብሆን ነገ እቀይረዋለሁ።

ጦሳ ግርጌ፦

ልንገራችሁ። 850ው ደሴ ሦስት ሱቅ ዞሬ አጣሁት፣ ኮምቦልቻ ተገኘ። ሻጩ አሮጌውን ከእጄ ተቀብሎ «እንዲህ ይዞ የሚመጣ ሰው ቢበዛ ሥራችን ይቀልልን ነበር» አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ገጠምኩት። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፣ ግማሹ ጊዜ የታችኛው ብሎን አልላላ ብሎኝ ነው፣ የብረት ቱቦ ቁልፉ ላይ አስረዝሜበት ተላቀቀ። ዲናሞውም የውሃ ፓምፑም በእጅ ሲዞሩ ሙልጭ ያሉ ናቸው። ቀዳዳዋ ደረቅ ናት። ከፑሌጃው ያወጣሁት ጥቁር ዱቄት አንድ የሻይ ማንኪያ ይሞላል።

ማጥበቂያው አሁን መሐል ላይ ነው የቆመው። እሑድ ጠዋት ጉም ነበር፣ ያውም የጦሳ ተራራ የማይታይበት ዓይነት። አስነሳኋት፣ ነዳጅ ሳልሰጣት ሚኒሞ ላይ ተውኳት፣ ፋናውን፣ ማድረቂያውን፣ ያለውን ሁሉ አበራሁ። ምንም። ባለቤቴ መስኮት ከፍታ «አልነሳ አለችህ?» አለችኝ።

ባትሪው በአራተኛው ቀን አድሮ 12.4 ደርሷል። ጋሼ፣ 500 ኪሎ ሜትሩ የሚሞላው ባቲና ወልድያ ደርሼ ስመለስ ነው፣ ያኔ ደግሜ አየዋለሁ። ለጋራዡ ልጅም ቁጥሩን አሳየሁት፣ «እኔ የተሰጠኝን ነው የገጠምኩት» አለኝ። እሱም እውነቱን ነው።

የመርሳዋ፦

አልሐምዱሊላህ! መርጫውን ለባለቤትህ መልስላት።

ነጭ ያሪስ፦

ሰላም፣ ለዚህ የሚሆን ጥያቄ ነበረኝ። የኔ ያሪስ እሪ አትልም፣ ግን ዳገት ላይ ቲክ ቲክ ቲክ ትላለች፣ ነዳጅ ስሰጣት ይፈጥናል። ቺንጋ ነው?

ጋሼ ኩሽኔታ፦

አይደለም። የሞተር ዘይት መለኪያውን አሁኑኑ መዘህ ዘይቱን እይና ለብቻው ጥያቄ ክፈት፣ ድምፁንም ቅረጸው።